የቤት ክብደት

ከጋራዡ ጓሮ ቀና ስል፣ ኮረብታው ላይ ተሰልፈው
ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፣ የአዳማን ነፋስ ቀዝፈው።
ለተቀመጠ ሰው መብራት ነው፣ ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ፤
ለሚነዳ ሰው ግን ግንብ ነው፣ አብሮት የሚሄድ ግድግዳ።

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ጠግኜ፣ ጡረታ በወጣሁ ማግስት
ቀፎ ሚኒባስ ገዛሁ፣ ሞተር አልባ፣ ወንበሩ ሦስት።
"ቤት ላደርገው ነው" አልኳት፤ "በመብራት የሚሄድ ቤት፣
አልጋውም ምድጃውም ውስጡ፣ ናፍጣ የማይሸት።"
አያንቱ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ "ቤት አለን እኮ" አለች።
"እሱ አይሄድም።"
"ቤት መሄድ አለበት?" ብላ ስፌቷን ቀጠለች።

መልስ አልነበረኝም። ሜትር አወጣሁ።

የባትሪው ሒሳብ ነው እንቅልፍ የነሣኝ፤ ሩቅ ልሂድ ብዬ ስጨምር
ባትሪው ራሱ ይከብዳል፤ እሱን ለመሸከም ሌላ ልደምር፣
ለዚያም ሌላ። እንደዚያ ነጋዴ፣ ለአህያው ድርቆሽ አህያ እንደገዛ፣
ለሁለተኛዋም ሦስተኛ፣ ጓዙ እየበዛ፣
ገበያ ሲወጣ ግን የያዘው ሁሉ ድርቆሽ፣ ንግዱ ዋዛ።

እናም መቀነስ ተማርኩ። ሀጂ ሸምሱ የእህል ሚዛናቸውን አዋሱኝ፤
"ምን ልትመዝን?" አሉ። "ቤቴን" ብል፣ ቆመው አስተዋሉኝ።
በሩን ሰቀልኩት፦ ሠላሳ አንድ ኪሎ። በቀርከሃ ተተካ፦ ዘጠኝ።
አልጋው ብረቱን ጥሎ በገመድ ተወጠረ፤ ስምንት ኪሎ ማረኝ።
"ውሃም ይመዘናል?" ይላል ገመቹ፣ ረዳቴ፣ ጀሪካኑን ታቅፎ፤
"ሊትሩ ኪሎ ነው፤ ጥምም ልክ አለው።" ሲስቅ ግማሹ ፈሰሰ፣ ከጫማው አልፎ።
ከኪሴ አንዲት ብሎን ወጣች። እሷንም መዘንናት።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ፦ አዳማ በሚያዝያ ስትነድ
ማቀዝቀዣ ብገጥምለት፣ ያንን ሁሉ ባትሪ ሊያነድ።
ጣሪያውን ነጭ ቀባሁት፣ ግድግዳውን ጥጥ ጠቀጠቅኩት፣
ማታ ማታ ጆሮዬን ለጥፌ፣ እንደ ፍራሽ ደበደብኩት።

ከዚያ ቁመቱ። ግንባሩ ረጅም፣ ነፋስ የሚጋጨው፤
ስንዝር ተኩል ዝቅ አደረግሁት፣ መጋዙ ብረት ሲፈጨው።
አያንቱ ገብታ ቆመች። ሻሿ ቆርቆሮውን ነካ።
"በሰርጌ ቀን እንኳ" አለች፣ "እንዲህ አላጎነበስኩም ለካ።"

ሦስት ቀን ዝም። በአራተኛው፣ የድንኳን ሸራ ዘርግታ
ወናፍ የመሰለ ትሰፋለች፣ እጥፉን በእጥፍ ተክታ፦
ስንሄድ የሚተኛ ጣሪያ፣ ስንቆም የሚነሣ።
"ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ነው፣ ሲያልፍ ቀና፤ ይሄም ይረሳ?"

ሸራው ሲያልቅ የስፌት መኪናዋን ራሷ ሚዛኑ ላይ አወጣች፦
አሥራ ሦስት። አፌን ስከፍት፣ የመፍቻ ሣጥኔን አመጣች፦
ሃያ ሁለት።
አፌን ዘጋሁት።

በወረቀት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ ወረቀት ዳገት የለው።
ዴራን እንደ ሕልም አለፍናት፤ ኢተያ ላይ ግን ቁጥሩን ሳየው
እንደ ቀዳዳ ጆንያ ይንጠባጠባል። አልፎ አልፎ ቁልቁለት ሲያጋጥመኝ
ሞተሩ ይመልሳል፣ ሳንቲም በሳንቲም፤ እፎይ ሲያሰኘኝ
የአርሲ ዳገት፣ አራጣ አበዳሪው፣ ከነወለዱ ይቀበላል።
አሰላን ያለፍነው በዝምታ ነው። ዝምታም ይመዝናል።

በቆጂ ነበር ሐሳባችን። ሳጉሬ ዳር፣ መቶ ሳንሞላ፣ ቆምን።
እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ቀረሁ፤
እሷ ሸራውን ገፍታ አነሣችና፣ ሙሉ ቁመቷን ቆመች።
"ደረስን" አለች።
"የት?"
"ቤት።"

ሲነጋ ከወፍጮ ቤቱ መስመር ለመንኩ። ባለወፍጮው መጥቶ
ቀፎውን ዞሮ አየው፣ እንደ ጆንያ በጉልበቱ ገፍቶ፣
"ስንት ኩንታል ነው?" አለኝ።
እስከዚያች ቀን ሰው ሁሉ "ስንት ይሄዳል?" ነበር የሚለኝ።
"አሥራ አራት ከስልሳ ሦስት" አልኩ፣ "እኛን ሳይጨምር።"
"ቀላል እህል ነው፣ ተራ ያዝ" አለ፣ ሰልፉን በጣቱ ሲቆጥር።
ገመዴን ትከሻዬ ላይ ጠምጥሜ
ከአንዲት የገብስ ጆንያ ኋላ ቆምኩ።